የቅዱሳንን ምስል ለይቶ ስለ ማወቅ

በቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን ምስል በብዛት የሚገኘው በቀለም ተሥሎ ነው። በድንጋይ ተፈልፍሎ የሚታየው ጥቂት ሲሆን፣ ከጥቂቱም ዋናው በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ያለው ነው። ሴቶች ወደዚያ ስለማይገቡ ብዙዎች እኅቶቻችን በወሬ ብቻ ያውቁታል። በዚያ፣ በግድግዳው ቅስት ሥር፣ ቁመታቸው የሰው ቁመት የሚያህል ቅዱሳን ከአለቱ ሳይለዩ ተቀርጸው ቆመዋል። ተሳላሚው ሁሉ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካህኑም መልስ መስጠት ግዴታው ነው።

ከነዚህ ቅርጾች ስም የተጻፈባቸው አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውም እንደ ሌሎቹ ቆሞ ይታያል እንጂ በፈረስ ላይ አይደለም። ስሙ ባይጻፍበት ኖሮ በፈረሱና በዘንዶው ለሚፈልገው ሰው ባልታወቀ ነበር። ስለዚህ ካህን ከሁሉ አስቀድሞ ጽሕፈቱን ይመልከት፤ ምልክቱን የሚመረምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጽሕፈት ሲጠፋ ግን የሚመራን ገድሉ ነው። ችግሩም ይበልጥ የሚታየው በፈረሰኞቹ ሰማዕታት ላይ ነው። ብዙ ሰው ነጭ ፈረስ የጊዮርጊስ፣ ጥቁር ፈረስ የመርቆሬዎስ ነው ብሎ ይለያል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም የዕጣንና የጧፍ ጢስ በዘመን ብዛት ነጩን እንደሚያጠቁረው መዘንጋት አይገባም። እኛስ ከፈረሱ መልክ ይልቅ ከጦሩ ጫፍ በታች ያለውን ማየት ይሻላል እንላለን። በጊዮርጊስ ጦር ሥር ዘንዶ አለ፤ ቤሩታዊቷም ብላቴና ብዙ ጊዜ በዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። በመርቆሬዎስ ጦር ሥር የሚወድቀው ግን አውሬ አይደለም፤ በ363 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በፋርስ ጦርነት የሞተው ከሐዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ነው። መርቆሬዎስ ከዚያ ቀደም ብሎ በሰማዕትነት አርፎ ነበር፤ ነገር ግን ቅዱስ ባስልዮስ በሥዕሉ ፊት ሲጸልይ ሥዕሉ ከቦታው ታጥቶ፣ በጦሩ ጫፍ ደም ይዞ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ገጸ ከለባት አብረውት ከተሣሉ ጥርጥር የለም። ከጦሩ በታች ያለችው ሴት ከሆነች ደግሞ ውርዝልያ ናት፤ ፈረሰኛውም ሱስንዮስ ነው።

የጠላትን ማንነት ለማወቅ የቀደሙት ሠዓልያን ሌላም ረድኤት ትተውልናል፤ ይኸውም ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎኑ መሣላቸው ነው።

ከመነኮሳት ወገን አንበሳ ያለበት ሥዕል ሁሉ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አይደለም። በአንበሳ ላይ ተቀምጦ የሚሄደው አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ነው። ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነቱ በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ይቆማል። ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ክንፍና ስለ ተሰበረችው እግሩ ልንጽፍ አያስፈልግም፤ ሕፃናትም ያውቁታል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንመለስ። ያረጀ ሥዕል ሲታደስ ሠዓሊው መልኩን አሳምሮ ጽሕፈቱን የሚተውበት ጊዜ አለ። ጥቁሩ ፈረስ ነጭ ሆኖ፣ የወደቀውም ንጉሥ በጥራጊ ቀለም ተሸፍኖ ቢቀር፣ ኅዳር 25 ቀን የሚከበረው ሰማዕት ሚያዝያ 23 ቀን ከሚከበረው ጋር ይደባለቃል፤ ምእመኑም በአንዱ ሥዕል ፊት ቆሞ የሌላውን ስም ይጠራል። ስለዚህ የደብሩ አለቃ ሠዓሊው ቀለም ሳይበጠብጥ አስቀድሞ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሕፈት፣ የደበዘዘውንም ፊደል ሳይቀር፣ በብራና ወይም በወረቀት ያስገልብጥ። ፎቶግራፍ ማንሣትም ዛሬ ቀላል ነው። ጽሕፈቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ገድሉም ካልመራ፣ ስም ከልብ አመንጭቶ ከመጻፍ ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል።