ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገናና ዝገት የያዘውን ብሎን ስለ መፍታት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ እንጨት የጠበበ ስለ ሆነ፣ ብዙው ቤት ከጥንት ጀምሮ እንጀራውን የሚጋግረው በኩበት ነው። ኩበት በነደደ ቁጥር ለእርሻው ፍግ ሊሆን የሚገባው ይጎድላል፤ ጢሱም የጋጋሪዪቱን ዓይንና ደረት ይጎዳል። እንደ መሐል ሜዳና እንደ ዓለም ከተማ ባሉ መብራት በገባባቸው ስፍራዎች የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ቤተ ሰብ ከዚህ ድካም በከፊል ዐርፏል። ነገር ግን ምጣዱ አልግል ያለ እንደ ሆነ፣ የተበላሸው አንድ ሽቦ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የታችኛውን ላሜራ የያዘው ብሎን ዝጎ አልፈታ በማለቱ ምጣዱ እንዳለ ወደ ጓሮ ይጣላል፤ ቤቱም ወደ ኩበቱ ይመለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብሎን እንዴት እንደሚፈታ፣ ከተፈታም በኋላ ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ በዚህ ክፍል እንናገራለን።

አስቀድሞ ብሎኑ ስለ ምን እንደሚጣበቅ ማወቅ ይገባል። ብረት ውሃና አየር ባገኘው ጊዜ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የበለጠ ስፍራ ይይዛል። በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነውና፣ ዝገቱ በዚያ ሲያብጥ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። ምጣድ ደግሞ ከሌላ ዕቃ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ሊጡ በእርሾ የኮመጠጠ ስለ ሆነ፣ ከዳር የፈሰሰው ጠብታ ብረትን ይበላል፤ እንፋሎቱ ያረጥበዋል፤ ግለቱ ያደርቀዋል፤ በማግሥቱም እንደዚያው ይሆናል። በማሰሻ የሚቀባው ዘይትም ወርዶ በብሎኑ ራስ ላይ እየተቃጠለ እንደ ሙጫ ይጠነክራል።

ወደ ሥራው ሲገቡ ከሁሉ በፊት መሰኪያውን ከግድግዳው መንቀል ያስፈልጋል። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ማጥፊያው ጠፍቶ ሳለ እሳት ያለበት ገመድ ወደ ምጣዱ ሊደርስ ይችላልና። መሰኪያ ሳይኖረው በቀጥታ ከግድግዳ የተያያዘ ምጣድ የሆነ እንደ ሆነ፣ በቆጣሪው ዘንድ ያለው ዋናው ማጥፊያ ይዘጋ፤ ልጆችም እንዳይከፍቱት አንድ ሰው በዚያ ይቁም። ከዚህ በኋላ ምጣዱ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ በወፍራም ጭድ ወይም በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በግንባሩ መድፋት ነው። ሸክላው ከሥሩ በተቦረቦረ መስመር የሙቀት ሽቦ ተዘርግቶበት በጀሶ የተለሰነ ነውና፣ በድንጋይ ወለል ላይ ተደፍቶ አንድ ጊዜ በመዶሻ ቢመታ ይሰነጠቃል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ብሎኑን ማዳን ከንቱ ነው።

አሁን ዝገቱንና የተቃጠለውን ዘይት በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሮጌ ቢላዋ ጠርጎ፣ ላምባ ወይም ናፍጣ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ቀላቅሎ በጥርሱ በኩል ጠብ ጠብ ማድረግ ይገባል። የኑግ ወይም የጎመን ዘር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ውሎ ሲያድር ይደርቃልና። ቅባቱ ወደ ሽቦውና ወደ ጀሶው እንዳይወርድ በላባ ወይም በቀጭን እንጨት ጫፍ እየነከሩ ማድረስ መልካም ነው። ከዚያም ከዳዶው በስተ ጀርባ ከባድ ብረት ደግፎ የብሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ማንኳኳት፣ ደግሞ መቀባት፣ እስከ ማግሥቱም መተው ነው። ማንኳኳቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ቅባቱም በስንጥቁ ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ስፍራ ትዕግሥት ያጣና በዚያው ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይታገላል። አንድ ሌሊት ያደረ ላምባ ግን ከሁለት ጎበዝ ክንድ ይልቅ ይሠራል።

በማግሥቱ መፍቻው ከብሎኑ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር መፍቻ ይስማማዋል። የላላ መፍቻና ፒንሳ ግን የራሱን ማዕዘን ይበላሉ። ብሎን የሚፈታው ራሱን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ከሰዓት እጅ አካሄድ በተቃራኒ ነው፤ በስተ ጀርባ ሆኖ ዳዶውን የሚያይ ሰውም ዳዶውን ራሱን ፊት ለፊት እያየ እንዲሁ ያድርግ። መጀመሪያ ጥቂት አጥብቆ ከዚያ ማላላት፣ ሲላላም ጥቂት መልሶ እንደ ገና መፍታት ይገባል። በመፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ክንዱን እጥፍ ያስረዘመ ሰው ኃይሉንም እጥፍ ያደርጋል፤ ቀጭኑ ብሎን ግን ይህን አይችልምና ይቆረጣል። መምህራን ስለ ማንሻ ዘንግ ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢያሳዩ ለተማሪው ቶሎ ይገባዋል።

የራሱ ማዕዘን አስቀድሞ የተበላ እንደ ሆነስ? ሁለቱን ትይዩ ጎኖች በሞረድ እያስተካከሉ 9 ወይም 8 ቁጥር መፍቻ እስኪይዘው ድረስ ማጥበብ ነው። ራሱ ክብ ሆኖ የካቻቪቴ ቦይ ብቻ ያለውና ቦዩ የተበላበት ከሆነ፣ በብረት መጋዝ አዲስ ቦይ መቅደድ ይቻላል። ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን በካቻቪቴውና በቦዩ መካከል የብስክሌት ውስጥ ጎማ ቁራጭ ማድረግ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ይህም ሁሉ ካልሆነ ሙቀት ይረዳል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ናስ ደግሞ 1.9 ሚሊሜትር ያህል። ዳዶው ብቻውን ቢግል ቀዳዳው ይሰፋል፤ ዝገቱም ይሰበራል። ነገር ግን ላምባ የነካውን ብሎን ሳይጠርጉና ቢያንስ አንድ ቀን በነፋስ ሳያደርቁ ማጋል ቤት ያቃጥላል። ነበልባልም ወደ ሽቦው አይቅረብ። የሚሻለው ምጣዱን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ በፍም የጋለ የብረት ዘንግ ጫፍ በዳዶው ላይ ብቻ ማሳረፍ ነው። ዳዶው ጥቂት በረድ ሲል የጧፍ ሰም ቢያስነኩት ቀልጦ በጥርሱ ውስጥ ይሰርጋል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲግል የሚወጣው ጢስ ጎጂ ነውና ሠሪው ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይቁም።

የመጨረሻው መንገድ ዳዶውን በአንድ ጎኑ በመጋዝ ሰንጥቆ ብሎኑን መሠዋት ነው። ራሱ ተቆርጦ ግንዱ በውስጥ የቀረ እንደ ሆነ ግን ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል፤ መካከሉን ለይቶ መሰርሰር የለመደ እጅ ይፈልጋልና። በአገራችን ብረት ሠሪውን እየናቁ ማረሻውን ከእርሱ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ በአዋጁም ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው ጋር ስሙ የሚነቀፈው ጸሐፊ ሳይቀር ተቈጥሮ ነበር። ሽማግሌዎች ይህን ለወጣቶች ቢነግሩ፣ የተበላሸ ዕቃ የያዘ ልጅ ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ለመሄድ አያፍርም።

ሽቦው ከተለወጠ በኋላ ምጣዱን ሲገጥሙ አሮጌውን ብሎን መመለስ አይገባም። በአዲሱ ብሎን ጥርስ ላይ የእርሳስ ብናኝ ቢቀቡ ሁለተኛ አይጣበቅም፤ የእርሳሱ ልብ ሙቀትን ይችላልና። ይህ ግን ላሜራውን ለሚይዙት ብሎኖች ብቻ ነው። ብናኙ የኤሌክትሪክ ኃይልን ስለሚያሳልፍ ገመድ ወደሚታሰርበት ስፍራ አይድረስ። የገመዱ ማሰሪያ ንጹሕና የጠበቀ ይሁን፤ የላላ ማሰሪያ ራሱ ግሎ ገመዱን ያቃጥላል።

ከሁሉ ይልቅ የምንጠነቀቅለት ግን አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሦስተኛው ገመድ ነው። ይህ ገመድ በአንድ ብሎን ከላሜራው ጋር ታስሮ፣ እሳቱ ወደ ላሜራው ቢያመልጥ ወደ መሬት ያወርደዋል። አንዳንድ ሰው ብሎኑ ስላስቸገረው «ሦስቱ ይበቃሉ» ብሎ አራተኛውን ትቶ ይዘጋል፤ የተወው ብሎን ይህን ገመድ የያዘው ሊሆን ይችላል። ምጣዱ እንደ ቀድሞው ያግላል፤ ጉድለቱም አይታይም። ሊጥ በነካ እጇ፣ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ላሜራውን የምትይዘው ግን ጋጋሪዪቱ ናት። ስለዚህ ላሜራው ከመዘጋቱ በፊት ገመዱ በንጹሕ ብረት ላይ በአዲስ ብሎንና በሮንዴላ መታሰሩን በእጅ ስቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በግድግዳው በኩል ያለው የመሬት መስመር መኖሩንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመርምር። ከዚያም ምጣዱን ሊጥ ሳያፈሱ፣ መስኮት ከፍተው ጥቂት ጊዜ ማጋል ነው። የቀረ ቅባት ካለ በዚያን ጊዜ ይጢሳል፤ ከጤሰም መሰኪያውን ነቅሎ እንደ ገና መጥረግ ነው።