ጀመዓና ኢማም ለምን ይለያያሉ?

እሪ በከንቱ የሚኖር አንድ ጓደኛችን ሲሰግድበት የነበረውን መስጊድ ትቶ ለጁሙዓ ፒያሳ፣ ኑር (በኒ) መስጊድ ይወጣል። «ኢማሙ ያስረዝማል» ይላል። በዚህ ብዙ ተከራከርን።

ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ዒሻ ሲያሰግድ ሱረቱል በቀራን ጀመረ። ሁለት የውሃ ግመሎች እየነዳ የመጣ ሰው ከጀመዓው ወጥቶ ለብቻው ሰገደ። ሙዓዝ «ሙናፊቅ ነው» አለ። ነገሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ የተገሠጸው ግን ሙዓዝ ነው፤ እንደ ሱረቱ ሸምስና ለይል ያሉትን እንዲቀራ ታዘዘ። ሰውየው የሸሸው ርዝመቱን እንጂ ሰላቱን አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ ጀመዓው እየጠላው የሚያሰግድ ኢማም ሰላቱ ከጆሮው እንደማያልፍ ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑለማዎች ይህ ጥላቻው በዲን ምክንያት ሲሆን ነው ብለዋል። ድምፁ አላማረንም፣ የኛ አገር ሰው አይደለም (ይሄም ይባላል!) የሚለው አይቆጠርም።

የሀገራችን መለያየት ከዚህ የከበደ ነበር። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ከኢማም ርዝመት ጋር ሳይሆን ከመጅሊሱ ጋር ነበር፤ «እኛ አልመረጥናችሁም» የሚል። ምርጫው በመስጊድ ይሁን ቢባልም መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ ተካሄደ። መራጩ የት ይቁም የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕዝቡ መሪውን የራሱ የሚለው በዚያ ነው። ቁርሾው እስከ ሚያዝያ 2011 የአመራር ለውጥ ድረስ ቆየ። ያኔም ቢሆን ጁሙዓ አልተተወም፤ ድምፁ የሚሰማው ከሰላት በኋላ ነበር።

ጓደኛችንን «ኢማሙን አናግረኸው ታውቃለህ?» ብለን ጠየቅነው። ዝም አለ።