ለስተርጅና የሚሆን የእንጨት ቤት አሠራር

መግቢያ

ገበሬ በጉልበቱ ዘመን ቤቱ ቢዘም ቋሚ ይቀይራል፤ ደቦ ጠርቶ ጣራ ያቃናል። በስተርጅናው ግን ይህ ሁሉ ይከብደዋል። የጡረታ አበል ለሌለው ሰው ዋስትናው ቤቱ ስለሆነ፣ ጉልበት ሳይከዳው የሚሠራው የመጨረሻ ቤት ዳግመኛ መሠራት የማያስፈልገው ሊሆን ይገባል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለገበሬው የሚያስረዷቸውን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ጉዳቱ የሚጀምርበት ቦታ

የጭቃ ቤት ሲያረጅ የምናየው የተሰነጠቀውን ግድግዳ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከታች፣ ቋሚው ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ እርጥበትና አየር ስለሚገናኙ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ከመሬት ተነሥቶ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። በመሆኑም ዋናው ሥራ እንጨትን ከአፈር መለየት ነው።

የእንጨት ምርጫና አዘገጃጀት

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ቀጥ ያለም ነው። ነገር ግን ለጋው ምስጥን አይቋቋምም። ዝግባም ለጣውላ እንጂ አፈር ለሚነካ ሥራ አይሆንም። የጽድና የወይራ ውስጠኛው ጠንካራ ክፍል ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል። ሆኖም ጽድ እየተመናመነ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከደን መቁረጥ አይገባም። የተገኘው ጥቂት ጽድ ለቤቱ ሥር ይዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው በባሕር ዛፍ ይሠራ።

እንጨቱ በበጋ ይቆረጥ፤ ቅርፊቱ ወዲያው ይላጥ፤ ከጥላ ሥር በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ይድረቅ።

አሠራር

1. ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ ኩይሳ የሌለበት ይሁን። ጉቶና ሥር ተነቅሎ ይውጣ።

2. የድንጋይ መሠረት ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ. ይነሣ፤ ላዩ በሲሚንቶ ይለሰን።

3. በመሠረቱ ላይ የጽድ አግዳሚ ተጋድሞ፣ በግንቡ ውስጥ በተቀበረ ብረት ይታሰር። ቋሚዎቹ በእርሱ ላይ ይቁሙ።

4. ቋሚው ስላልተቀበረ ነፋስ እንዳይገፋው በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ ይመታ።

5. የወለሉ አፈር ከአግዳሚው በታች ይቅር። ምርጊቱም እስከ መሬት አይውረድ፤ ምስጥ በጭቃው ተሰውሮ ይወጣልና። ለአዛውንት እንዲመች መግቢያው ጠፍጠፍ ባሉ ዝቅተኛ የድንጋይ ደረጃዎች ይሠራ።

6. ክዳኑ ከግድግዳው 60 ሳ.ሜ. ያህል ይውጣ፤ በዙሪያው የውሃ ቦይ ይቆፈር።

ማስጠንቀቂያ

አልድሪንና ዲልድሪን ቀድሞ ለምስጥ ይረጩ ነበር። እነዚህ መርዞች በ2001 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት መካከል ናቸው። ከአሮጌ መጋዘን ቢገኙ ገበሬው እንዳይነካቸው ይነገረው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም ላይ ላዩን ስለሚቀር አስተማማኝ አይደለም።

ማጠቃለያ

መሠረቱ ገልጦ ከታየ፣ ምስጥ ለመውጣት በድንጋዩ ላይ የአፈር መንገድ መሥራት አለበት። አዛውንቱ በየሳምንቱ ቤቱን ዞሮ ይህንን በዘንጉ ማፍረስ ይችላል። ከባዱ ሥራ ድንጋይ ማጓጓዝና ግንብ መሥራት ነው። ማኅበራት ይህንን በበጋ፣ በአባላት ጉልበት፣ ተራ በተራ እንዲያከናውኑ አጥብቀን እናሳስባለን።