መካሪው አይሽጥ፦ የመከላከያ ምርምር የቴክኒክ ድጋፍ ውል

አንድ መንግሥት አዲስ ሚሳይል ወይም ሳተላይት ለማሠራት ሲያስብ ገንዘብ ብቻ አይበቃውም። የሚቀርብለትን ንድፍ መርምሮ «ይህ ይሠራል፤ ያ አይሠራም» የሚለው ባለሙያም ያሻዋል። ባለሙያው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በበቂ ቁጥር ካልተገኘ አገልግሎቱ በውል ከውጭ ይገዛል። የቴክኒክ ድጋፍ ውል የምንለው ይህንን ነው። የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን ስሌት፣ ግምገማና ምክር ነው።

የውሉን ጥቅምና አደጋ ለመረዳት የአሜሪካን አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ታሪክ እንመልከት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1954 «አትላስ» የተሰኘውን ሚሳይል በአስቸኳይ የማሠራቱን ኃላፊነት ለጄኔራል በርናርድ ሽሪቨር ሰጠ። የሚሳይሉን አካል ኮንቬር፣ ሞተሩን ሮኬትዳይን፣ የሬዲዮ መምሪያውን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ክፍሎቹን ለየብቻ አሳምሮ መሥራት በቂ አልነበረም። ሞተሩ በሚጠፋበት ቅጽበት ሚሳይሉ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ላይ በሰከንድ የ1 ሜትር ስሕተት ቢፈጠር፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከዒላማው በርካታ ኪሎ ሜትሮች ያርቃል። ስለዚህ ሞተሩ፣ መምሪያውና የአካሉ ክብደት በአንድነት መሰላት ነበረባቸው።

ይህን ሥራ በውል የያዘው ሳይመን ራሞና ዲን ዉልድሪጅ በ1953 ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። ኩባንያው የአምራቾቹን ንድፍና የሙከራ ውጤት እንዲመረምር ተፈቀደለት፤ የሚሳይሉን ክፍሎች ራሱ እንዳያመርት ግን ተከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ የራሱን ሞተር መሸጥ የሚሻ ገምጋሚ የሌላውን ሞተር በሚዛናዊ ዓይን ማየት ይከብደዋል።

ኩባንያው በ1958 ቶምፕሰን ፕሮዳክትስ ከተባለ አምራች ጋር ሲዋሐድ ጥያቄው በረታ። ሌሎች አምራቾች ምስጢራቸው ለተወዳዳሪ እንዳይደርስ ሰጉ። ጉዳዩ እስከ ኮንግረስ ደርሶ፣ በ1960 ለትርፍ ያልቆመው ኤሮስፔስ ኮርፖሬሽን ተመሠረተ። ኋላም የአሜሪካ የግዥ ደንብ፣ ለአንድ ሥርዓት የምሕንድስና አመራር የሰጠ ድርጅት ያንኑ ሥርዓት አቅራቢ እንዳይሆን በመርሕ ደነገገ።

ደንቡ ግን ሁሉንም ችግር አልፈታም። በ1958 በተመሠረተው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ኤጀንሲ (ዳርፓ) የፕሮግራም ኃላፊዎች ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆዩም፤ በውል የሚሠሩ ደጋፊ ባለሙያዎችም ያግዟቸዋል። በሕግ የሚወስነውና የሚፈርመው የመንግሥት ሹም ነው። ነገር ግን ሹሙ የመካሪውን ስሌት ራሱ መፈተሽ ካልቻለ፣ ፊርማው የእርሱ፣ ውሳኔው የመካሪው ይሆናል።

በቤተ ሙከራ እንደምንማረው፣ ከራሱ ጋር ብቻ የተመሳከረ ሚዛን ያለማቋረጥ ቢሳሳትም ስሕተቱ አይታወቅም። ሚዛኑን የሚያርመው ከሌላ የታመነ መለኪያ ጋር ማስተያየት ነው። ለመንግሥትም ይህ መለኪያ የራሱ ባለሙያ ዕውቀት ነው። ምክር በውል ይገዛል፤ ምክሩን የመመዘን ችሎታ ግን በቤት ውስጥ መገኘት አለበት። እንግዲህ የቴክኒክ ዘገባ ሲቀርብልን ሁለት ጥያቄዎችን እናስቀድም፦ ማን ለካው? ከውጤቱስ ምን ያተርፋል?