ለወገብ ሕመም «ነርቭ ማቃጠል»፦ በሬው ከመሸጡ በፊት ይህን ያንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመርም፣ እዚህ ቆቦ በተመላላሽ ክፍልም ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ነርቭ በማሽን አቃጥለው የወገብ ሕመም የሚያድኑ አሉ ይባላል፤ አባባን እንውሰዳቸው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ያሉ ልጆች ናቸው። ታማሚዎቹ ደግሞ ሮቢት፣ ጎብዬና ሆርማት አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ጎንበስ ብለው ማሽላ ያጨዱ፣ ሽንኩርት የኮተኮቱ ወላጆች ናቸው። ለጉዞው በሬ ወይም ፍየል ሊሸጥ ነው።

አብሽሩ፣ ሕክምናው እውነተኛ ነው። ግን የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ሕመም ላለበት ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ደግሞ ነርቩ ከመቃጠሉ በፊት በሙከራ መርፌ ይለያል። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ሕክምናውን የሚሰጡት በሙያው የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች ናቸው። የእኔ ሥራ ማን ሪፈር ይጻፍለት፣ ማን እዚሁ ይታከም የሚለውን መለየት ነው።

1. ሕክምናው ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሕክምና ይባላል። ከአከርካሪያችን በስተኋላ አጥንቶቹን እርስ በርስ የሚያገናኙ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ዕድሜና የጉልበት ሥራ ሲጎዳቸው ያማሉ። ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ቅርንጫፎች ናቸው። ሐኪሙ በራጅ ምስል እየተመራ ቀጭን መርፌ ነርቩ አጠገብ ያደርሳል። ከዚያ የመርፌው ጫፍ ብዙ ጊዜ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለ90 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፤ የሕመሙ መልእክትም ይቋረጣል። ያረጀው መገጣጠሚያ ግን እንዳለ ነው፤ አልተጠገነም። ለቆየ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

2. ለማን ይሆናል?

ሕመሙ ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ በዋናነት ወገብ ላይ የሚቀር (ወደ መቀመጫና ጭን ሊሰማ ይችላል)፣ በእንቅስቃሴ፣ በፊዚዮቴራፒና በመድኃኒት በቂ ለውጥ ላላመጣለት ሰው ይታሰባል።

3. ለማን አይሆንም?

• ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት እየወረደ ለሚያደነዝዝ ሕመም። ይህ ብዙ ጊዜ ዲስክ ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ስለሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።

• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ላለበት የወገብ ሕመም። ይህ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እንደ እኛ ቆላ ከብት፣ ፍየልና ግመል በሚረባበት፣ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስም ይጠረጠራል። ሁለቱም በትክክል ከተመረመሩ ለረጅም ጊዜ በሚወሰድ መድኃኒት የሚታከሙ ናቸው። ነርቭ ማቃጠል በሽታውን አይነካውም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል።

• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ድንገት ከሰነፈ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ!

4. የሙከራ መርፌውን አይዝለሉ

ከማቃጠሉ በፊት እዚያው ነርቭ ላይ ለሰዓታት ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወጋል። በእነዚያ ሰዓታት ተኝተው አይዋሉ። ሌላ ጊዜ የሚያሳምምዎትን ያድርጉ፤ ይራመዱ፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ፣ ከዚያ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ይመዝግቡ። በጣም ከቀነሰ ማቃጠሉ ሊጠቅምዎ ይችላል። ካልቀነሰ ደግሞ የሕመሙ ምንጭ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ገንዘብዎ ተረፈ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ሙከራውን ሁለት ጊዜ ያደርጉታል።

ለምን ይህን ያህል እወተውታለሁ? በ2017 እ.ኤ.አ. የታተሙ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ በድምሩ 681 ሰዎች ላይ የተሠሩ ሦስት ጥናቶች ነበሩ። ነርቭ ማቃጠልና እንቅስቃሴን አብረው ያገኙትን እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት ጋር ሲያነጻጽሩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ሌሎች ባለሙያዎች «ታካሚዎቹ በጥብቅ አልተመረጡም» ብለው ተችተዋል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያም ሕክምናው ሊታሰብ የሚገባው የሙከራ መርፌው ለውጥ ላመጣለት ሰው እንደሆነ ይገልጻል። ማሽን ስላለ ብቻ ሁሉም ሰው አይቃጠልም።

5. በዕለቱና ከዚያ በኋላ ምን ይጠብቁ?

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥም፤ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወደ ማረፊያው ይመለሳል። አጃቢ ይያዙ፣ በዕለቱ መኪናም ሞተርም አይንዱ። ከአዲስ አበባ ቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወጥተው በቀጥታ አውቶብስ ላይ አይሳፈሩ።

ቦታው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሊያምዎት፣ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ሊለበልብዎት ይችላል። እፎይታው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ቀን «ገንዘቤን ተበላሁ» አይበሉ።

ከተሳካ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል። ነርቩ መልሶ ስለሚያድግ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው ሊደገም ይችላል። «አንዴ ተሠርቼ ለዘላለም እድናለሁ» ብሎ መሄድ ግን ልክ አይደለም። እፎይታ ያገኙበት ጊዜ የወገብና የሆድ ጡንቻ የሚያጠነክሩበት ይሁን እንጂ በማግስቱ ኩንታል የሚሸከሙበት አይሁን።

ከባድ ጉዳት ብዙ አያጋጥምም። ነገር ግን ትኩሳት፣ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የእግር መስነፍ ካለ ፈጥነው ቅርብዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

6. ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ

• መጀመሪያ የሙከራ መርፌ ትሰጣላችሁ?
• መርፌው በራጅ ምስል እየታየ ነው የሚገባው?
• ሙከራውን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀን ያስቆያል?

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ (ዋርፋሪን፣ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል)፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ኢንፌክሽን ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ። መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራስዎ አያቋርጡ። የቆዩ ራጅና ኤምአርአይ ካሉም ይያዙ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ወደ አዲስ አበባ ከማሰብዎ በፊት ወላጅዎን ቆቦ ሆስፒታል ወይም ቅርብዎ ወዳለው ሆስፒታል አምጥተው ያስመርምሩ። ቲቢና ብሩሴሎሲስ አለመሆኑ ይጣራ፣ እንቅስቃሴ ይጀመር፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፋል። እስከዚያው በየፋርማሲው ዳይክሎፌናክ መወጋት ይቅር፤ ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ። ወገቡን ለሚያመው ወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉለት።