«የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆነ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ገለጉ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊኗን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥላታለሁ። ፍሪጃችን ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሞተሩ አያርፍም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስከፍተው ብልቃጡ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። የጠራሁት ሠራተኛ ለክቶ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። እውነት እሱ ይሆን? ኢንሱሊኑስ ከቀለጠ በኋላ ብትወጋው ይጎዳታል? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። ከፍሪጁ በፊት ግን ስለ ብልቃጡ ልናገር። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥና ለዓይን ደህና ቢመስልም ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል እናትዎ እንዳይወጉት። ዛሬውኑ ወደሚከታተሏቸው ጤና ተቋም ይውሰዱትና ምትክ ይጠይቁ። መርፌው ግን እንዳይቋረጥባቸው።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ሴንሰር ማለት ሙቀትን የሚለካ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ሲሆን በፕላስቲክ ተሸፍኖ በሁለት ቀጭን ሽቦ ከቦርዱ ጋር ይገናኛል። ቦርዱ ሞተሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የሴንሰሩ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ይህ አቅም የሚለካው ኦም በሚባል መለኪያ ነው። እርጥበት ከሽፋኑ ዘልቆ ከገባ ንባቡ ያለ ልክ ዝቅ ይላል። ቦርዱም «ውስጡ ገና ሞቃት ነው» ብሎ ስለሚያምን ሞተሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። የእርስዎ ፍሪጅ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ የሠራተኛው ጥርጣሬ መሠረት የለውም አልልም።

ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበኛል። የሴንሰር መለኪያ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከ25 ዲግሪ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም ያሳያል። በመጋቢትና በሚያዝያ የገለጉ ቀን ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያው ጤነኛ ሴንሰር ከ5 እስከ 6 ሺህ ብቻ ያነባል። እኔም በአንድ ወቅት መተማ ላይ በቀትር ለክቼ 5 ሺህ ገደማ ስላገኘሁ ሴንሰሩን ጣልኩት። አዲሱን ከማሸጊያው አውጥቼ ብለካው እሱም ያንኑ አሳየኝ። ሞቃቱ አየሩ ነበር። ያን ቀን ደንበኛዬን ያለ ጥፋቱ ወጪ አስወጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቆላ ስወርድ የምለካው በበረዶ ውኃ ነው።

ሠራተኛዎ ይህንኑ እንዲያደርግ ይጠይቁት። ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀል፣ ሴንሰሩም ከቦርዱ ይላቀቅ። ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውኃ አማስሎ፣ ሴንሰሩን በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ አምስት ደቂቃ ይንከረው። የሚቀልጥ በረዶ ገለጉም ሆነ ጎንደር ዜሮ ዲግሪ ነው። (የፈላ ውኃ ግን እንደ ቦታው ከፍታ ስለሚለያይ ለዚህ አይታመንም።) ያ ባለ 10 ሺሁ ዓይነት በዜሮ ዲግሪ 30 ሺህ አካባቢ ማንበብ አለበት። አውጥቶ በጣቱ ቢይዘው ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚዘል፣ ባለበት የሚቀር ወይም ባለ 10 ሺህ ሆኖ ሳለ ከ30 ሺህ እጅግ የራቀ ከሆነ ሴንሰሩ በእርግጥ ተበላሽቷል። ባለ 5 ሺህ የሆኑም ስላሉ፣ የሚገዛው የፍሪጁን ሞዴል ቁጥር ይዞ ነው።

ሴንሰሩ ደህና ከሆነስ? ያኔ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። የበሩ ጎማ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት አጣብቀው ሲዘጉት በቀላሉ ተስቦ ከወጣ ችግሩ እዚያ ነው። ከኋላ ያለው የሙቀት መውጫ አቧራ ለብሶ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ሊሆንም ይችላል። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍም ያንብቡ። የአየር ጠባይ ምድቡ «ኤን» ከሆነ ፍሪጁ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ቦታ ነው፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43። በቆላ «ኤን» የሆነ ፍሪጅ ሞተሩ ባያርፍ አይገርምም። በሙቀቱ የተነሳ ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውት ከነበረም፣ ሌሊት አየሩ ሲበርድ ውስጡ በረዶ ሊያደርስ ይችላል። ብልቃጡ የኋላውን ግድግዳ ወይም የቀዝቃዛ አየር መውጫውን ተጠግቶ ከነበረ ደግሞ ሌላው ዕቃ ሳይነካ እሱ ብቻ ሊረጋ ይችላል።

እስኪጣራ ድረስ አዲሱን ኢንሱሊን እዚያ አይመልሱት። አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ ያስቀምጡ፣ መሃሉን በአሸዋ ሞልተው ውኃ ያርከፍክፉበት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ቋጥረው ከውስጥ አኑረው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይም ያድርጉት። በበጋው ደረቅ አየር ጥሩ ያበርዳል፤ በክረምቱ እርጥበት ግን ይደክማል። ስለዚህ ቴርሞሜትር አብረው ያስገቡና ከ30 ዲግሪ ካለፈ አይተማመኑበት። በዚህ ሁኔታ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሰጣችሁን የጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

ፍሪጁ የመቃጠል ሽታ ካመጣ፣ ብረቱን ሲነኩ ከነዘረዎ ወይም ቆጣሪው ደጋግሞ ከወደቀ፣ ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ከጀርባው የእሳት ምልክት ካለ ጋዙ ተቀጣጣይ ነውና በረዶውን በቢላዋ አይፈልፍሉት። እናትዎ ውኃ ጥም ከበረታባቸው፣ ሽንት ካመላለሳቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ የተወጉት ኢንሱሊን ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ያድርሷቸው።

ከጥገናው በኋላ አንድ ኩባያ ውኃ ከነቴርሞሜትሩ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያኑሩ። ሦስት ቀን ጎህ ሲቀድና በቀትር ያንብቡት። ስድስቱም ንባብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከሆነ ኢንሱሊኑን ይመልሱ፤ አንዱ እንኳ ከወጣ ቁጥሮቹን ጽፈው ይላኩልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።