ከኦፐራሲዮን በፊት ስለሚመጣው ፍርሃትና ስለ መቋቋሚያው

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ ኦፐራሲዮን ለመጻፍ መነሣታችን በሕክምና ተማሪዎች ዘንድ እንደ ድፍረት ሊቆጠርብን ይችል ይሆናል። የቢላዋውን ነገር ለእነርሱ ትተንላቸዋል። እኛ የምንጽፈው ከቢላዋው በፊት ስላለው ሌሊት ነው፤ እርሱ ደግሞ ተራው ለማንኛችንም የሚደርስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይወቅልን።

ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር እንዲህ ነው። አብሮን በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛችን ታመመና ቢመረመር፣ ሐኪሞች ሔርኒያ የሚሉት፣ ባገራችን ቡአ የሚባለው ሕመም ተገኘበት። ሐኪሙም ሳይብስ መሰፋት እንዳለበት ነግሮ ቀን ቆረጠለት። እኛም የክፍሉ ልጆች እንደ ልማዳችን ልናጽናናው ሞከርን። አንዱ «አይዞህ፣ ጥርስ እንደ ማስነቀል ነው» አለው። ሌላው «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ሲል ቀለደበት። ሦስተኛው ደግሞ ወሬው ስለ ጣመው ብቻ፣ ማደንዘዣ ተወግተው ሳይነቁ ስለ ቀሩ አንድ የሠፈራቸው ሰው አጫወተው። ይህን ጽሑፍ ከምንጽፈው መካከል አንዱ ይኸው ሦስተኛው መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ጓደኛችን በቀጠሮው ዋዜማ ገብቶ ተኛ። በዚያው ምሽት ከሦስት ሰዓት በኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ክፍላችን ተመልሶ መጣ። «ፈተና ስላለብኝ አራዘምኩት» አለን፤ እኛም አመንነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ ያቃስት ጀመር፤ ያስመልሰዋል፤ እብጠቱም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ አልመለስ አለ። ተሸክመን አደረስነው። አንጀቱ ታንቆ ደም መዘዋወር አቁሞ ኖሮ፣ በቀን ብርሃን ተዘጋጅቶ ሊሠራ የነበረው ቀላል ኦፐራሲዮን በሌሊት የተጣደፈ ከባድ ሥራ ሆነ፤ ከአንጀቱም የሞተው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ሕይወቱ ተርፏል፤ ሴሚስተሩ ግን አመለጠው።

ሊጠይቁት ለሄዱት ጓደኞቹ እንዲህ አላቸው፤ «የፈራሁት መቀደዱን አልነበረም። መርፌው ከገባ በኋላ የት እንደምሄድ አለማወቄን ነው የፈራሁት። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።» ከዚህ ቃል የተነሣ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርነው።

አንደኛ፤ ፍርሃቱ ምንድር ነው?

ፍርሃት ሰውነታችን ራሱን የሚጠብቅበት መሣሪያ ነው። አእምሮ አደጋ መጣብኝ ብሎ ሲያስብ፣ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይረጫል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ አፍ ይደርቃል፤ መዳፍ ያልባል፤ ሆድ ይገለባበጣል፤ እንቅልፍም ይጠፋል። አንበሳ ለገጠመው ሰው ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ወይ ይሮጥበታል፤ ወይ ይታገልበታል። አልጋ ላይ ተጋድሞ ነገን ለሚጠብቅ በሽተኛ ግን የሚሮጥበትም የሚታገለውም ነገር ስለሌለ፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሐሳብ ይዞራል። ስለዚህ ከኦፐራሲዮን በፊት መፍራት የወንድነት ማነስ ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም። ጤነኛ ሰውነት የሚሠራው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ አያቶቻችን የፈሩትና እኛ የምንፈራው

ለኦፐራሲዮን ያለን ፍርሃት ከጥንት የወረስነው ለመሆኑ ታሪክ ይመሰክራል። ፋኒ በርኒ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ በ1811 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ጡቷ ሲቆረጥ፣ ማደንዘዣ ገና አልተገኘም ነበርና ቢላዋው ሥጋዋን ሲቆርጥ እያወቀች ነው የተሠራላት። ሐኪሟ የናፖሊዮን ሠራዊት ታላቅ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ላሬ ነበር። ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ ከምታነሣው ሥቃይ አንዱ፣ ቀኑ ራሱ እስኪደርስ ድረስ መቼ እንደሚሠራላት አለማወቋ ነው። ሐኪሞቹ ቀኑን የደበቋት አዝነውላት ነበር፤ ጥበቃው ግን ሌላ ሥቃይ ሆነባት። ይህች ሴት ከዚያ በኋላ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ኖራለች።

በ1846 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ በብዙ ሐኪሞች ፊት ኤተር አሽትቶ አንድ በሽተኛ አስተኛ። ከዚያም በ1867 ዓ.ም. ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከሚያመረቅዙ ተሕዋስያን የሚጠብቅበትን ዘዴ አሳተመ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ ኦፐራሲዮን የቀድሞው ኦፐራሲዮን አይደለም። ነገር ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ቢላዋው ከተለወጠ በኋላም ፍርሃቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖረ።

ሦስተኛ፤ ፍርሃቱን ዘርዝሮ ማየት

ፍርሃት በጅምላ ሲታይ ተራራ ነው። ሲዘረዘር ግን እያንዳንዱ የየራሱ መልስ አለው።

«ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መርፌውን ወግቶ አይሄድም። ኦፐራሲዮኑ እስኪያልቅ ድረስ ከራስጌ ሆኖ የልብን አመታት፣ የደምን ግፊት፣ አተነፋፈስንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጂን ይከታተላል። ኦክሲጂኑን የሚለካው ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ ነው። ጤናማ የሆነ ሰው ተዘጋጅቶ በሚሠራለት ኦፐራሲዮን ከማደንዘዣው የተነሣ መሞቱ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። ፈጽሞ የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ መሣሪያና ባለሙያ በሚያንስበት፣ ሥራውም በጥድፊያ በሚሆንበት ቦታ አደጋው ከፍ ይላል። እንግዲህ በቀጠሮ ቀን መሠራት ራሱ አንድ መከላከያ መሆኑን ልብ ይሏል።

«በመካከሉ ብነቃስ?» የሚለው ሁለተኛው ነው። በብሪታኒያና በአየርላንድ ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ይህን ነገር ከነቁ በኋላ የተናገሩ በሽተኞች ከ19,000 ያህል ማደንዘዣ አንድ መሆናቸውን አግኝቷል። ይኸውም ሙሉ በሙሉ ለሚያስተኛው ማደንዘዣ የተነገረ ነው። ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው፣ በጀርባ የሚወጋው ዓይነት ሲሆን ግን መንቃት የተለመደ ነው። ሰው የሐኪሞቹን ንግግር ይሰማል፤ መነካካቱም ይታወቀዋል፤ ሕመሙ ግን አይሰማውም። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ማደንዘዣው አልሠራልኝም ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

«ምሥጢሬን ብዘባርቅስ?» የሚለውን ብዙዎቻችን እናፍርበታለን እንጂ እንፈራዋለን። ሙሉ በሙሉ የተኛ ሰው አይናገርም፤ ብዙውን ጊዜም የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮው ስለሚገባ ልናገር ቢልም አይችልም። ሲነቃ አንድ ሁለት ቃል ቢያጉተመትም፣ አጠገቡ ያሉት የበሽተኛን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

«ቢሳሳቱስ? የሌላ ሰው ኦፐራሲዮን ቢሠሩልኝስ?» የሚለው አራተኛው ነው። ለዚህ ሲባል የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. በኦፐራሲዮን ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብ የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ዓ.ም. በወጣው ውጤት፣ ከኦፐራሲዮን በኋላ የሚሞቱት ከመቶ 1.5 የነበሩት ወደ 0.8 ወርደዋል። ስለዚህ ስምህንና የሚሠራልህን ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢጠይቁህ «እነዚህ ሰዎች እኔን አያውቁኝም ማለት ነው» ብለህ አትደንግጥ። ጥያቄው ዘብህ ነው።

አራተኛ፤ ማወቅ መድኃኒት ስለ መሆኑ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ያባቶቻችን ቃል በሽተኛንም እንደሚያድን በጥናት ተረጋግጧል። ሎረንስ ኤግበርት የተባለ የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ኤተር በታየበት በዚያው በቦስተኑ ሆስፒታል፣ ሆዳቸው የሚቀደድ 97 በሽተኞችን በሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን ሲነቁ የት እንደሚያማቸው፣ ምን ያህል እንደሚያማቸው፣ ለምን እንደሚያማቸው፣ እንዴት መተንፈስና መገላበጥ እንዳለባቸው አስቀድመው ነገሯቸው። ለሁለተኛው ወገን ይህ አልተነገረም። በ1964 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ የተነገራቸው በሽተኞች ከኦፐራሲዮኑ በኋላ የፈለጉት የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ገደማ አነሰ፤ ከሆስፒታልም ከሁለት ቀን በላይ ቀድመው ወጡ።

እንግዲህ «አያምህም» የተባለ ሰውና «እዚህ ጋ ለሁለት ቀን ያምሃል፤ ሲያምህ እንዲህ አድርግ» የተባለ ሰው እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ሕመሙ ሲመጣ ነገር ተበላሸ ብሎ ይሸበራል፤ ሁለተኛው የሚያውቀውን እንግዳ ይቀበላል።

አምስተኛ፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄን በወረቀት መጻፍ። ምን ዓይነት ማደንዘዣ ነው የምወስደው? ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ስነቃ ምን አገኛለሁ? መቼ እነሣለሁ? ባይሠራልኝ ምን ይደርስብኛል? ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉ ይረሳልና ወረቀቱ ይናገርልን። ፊርማ በተጠየቅንበትም ወረቀት ላይ ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

እውነቱን መናገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጫት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የባህል መድኃኒት፣ የሚዋጥ ኪኒን፣ ቀድሞ ያልተስማማ መርፌ ካለ ማደንዘዣ ሰጪው ይወቀው። እርሱ የሚጠይቀው ለመኮነን አይደለም፤ መጠኑን ለመለካት ነው።

ጾሙን መጠበቅ። ብዙውን ጊዜ ከምግብ ስድስት ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁለት ሰዓት መራቅ ይታዘዛል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ የተነገረው ትእዛዝ ይበልጣል። ምክንያቱም በማደንዘዣ የተኛ ሰው ቢያስመልሰው፣ የሆዱ ነገር ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እናት አዝና በድብቅ ያመጣችው ፍትፍት የዚያን ቀን በደግነት የተሸፈነ አደጋ ነው።

ትንፋሽን ማዘግየት። አየርን በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከተሳበበትም ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃ መደጋገም የልብን ሩጫ ያበርዳል። የሚጸልይ ይጸልይ፤ ንስሐ የሚገባም ይግባ፤ ጸሎት ከሐኪም ቀጠሮ ጋር አይጣላም።

ፍርሃቱን በአፍ ማውጣት። «ፈርቻለሁ» ማለት ከባድ ነው፤ ተነሥቶ ከመጥፋት ግን ይቀላል። ቀጠሮ ማራዘም የፈለገ ሰው ለሐኪሙ ነግሮ ያራዝም፤ ያን ጊዜ ምን ያህል መቆየት እንደሚችል ይነገረዋል።

ስድስተኛ፤ ለጠያቂዎች

ይህ ክፍል ለእኛ ለራሳችን ነው። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሰውን አፍ ይዘጋል፤ አይዞህ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ፈራሁ ለማለት ያፍራልና። ከእርሱ በፊት «በጣም ያሳሰበህ የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ብሎ መስማት ይሻላል። ክፉ ወሬ ይዞ ወደ በሽተኛ አለመሄድ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መግባት፣ በዋዜማው ምሽት ከጎኑ መቆየት፣ ያመለጠውን የትምህርት ማስታወሻ ገልብጦ ማምጣት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ መድኃኒቶች ናቸው። በዚያች ሌሊት ከእኛ አንዳችን አጠገቡ ብንሆን ኖሮ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን አይወጣም ነበር ብለን እናስባለን።

«ፈሪ ለእናቱ» የሚል ተረት አለን። ከጦር ሜዳ የሸሸ ለእናቱ ይተርፍ ይሆናል፤ ከሐኪም አልጋ የሸሸ ግን ጠላቱን በሆዱ ይዞ ነውና የሚሸሸው፣ ለእናቱም ላይተርፍ ይችላል። ጓደኛችን ዛሬ ድኖ ከእኛ ጋር ይማራል። ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት አንብበንለት ነበር። ሲጨርስ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሚቀጥለው ሰው ሲተኛ ንገሩኝ፤ እኔ ሄጄ አድርለታለሁ።»